ለመስቀል ትገባለች ብዬ ነበር

በዚያ ቀን ወልቂጤ እቤታችን የነበሩት እነዚህ ናቸው። ባለቤቴ ነበር፤ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። ከቡታጅራ የመጣችው ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ከባሏ ጋር የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፣ ካገባች ወዲህ ጴንጤ ሆናለች። በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ ነበረች፤ ሙስሊም ናት፣ ሴት ልጇ ጅዳ የቤት ሠራተኛ ናት። የወተት ዕቁባችን፣ የዊጆ ሴቶች ሁሉም ነበሩ። የቁምስናችን ቄስ አባ ነበሩ። የሲስተሮቹ አለቃ ነበሩ፤ የእኛው የቸሃ ጉራጌ ናቸው፣ ከእምድብር በመኪና ነው የመጡት። ልጄ ነበረች፤ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ግራጫ ሻሿን አስራ መሀል ተቀምጣ ነበር። እኔም ነበርኩ። ራሴን መጨረሻ ላይ የጻፍኩት በዚያ ቀን የእኔ ነገር የታሰበው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው።

በአካል ያልነበረች፣ ግን ሁሉም የሚያወራላት አንዲት ሴትም ነበረች። ጣሊያናዊት ሲስተር ናት። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ክሊኒክ ትሠራ ነበር። በእንሰቱ መሀል በእግሯ እየተመላለሰች ታማሚ ትጠይቃለች፣ ጉራጊኛ እንደኛ ትናገራለች። እንደ እናት ስለነበረች "እርስዎ" ብለናት አናውቅም። ልጄን ስወልድ ምጡ ጠንቶብኝ ነበር። አጠገቤ ተንበርክካ "ግፊ፣ አትፍሪ፣ ጭንቅላቱ ታየ" ያለችኝ እሷ ናት። ልጄን ከእኔ በፊት ያቀፈቻት እሷ ናት። ይህን አልክድም። ተናድጃለሁ ብዬ የተደረገልኝን አልክድም።

ሲስተሯ ስታረጅ ወደ አገሯ ወሰዷት። ልጄ አደገች፣ እሷም ገዳም ገባች፣ ነርስነት አስተማሯት። ገዳም መግባቷን አልተቃወምኩም። እምድብርና ወልቂጤ መሀል ያለች ልጅ ቅርብ ናት። ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎመንና ቆጮ አደርስላታለሁ፣ አይቻት ማታ እቤቴ እገባለሁ። ቆጮ ተራ ነው የምሸጠው፤ የልጄ ድርሻ ሁልጊዜ ከሁሉ በፊት የሚነሳ ነበር።

ያን ቀን የተሰበሰብነው ጣሊያን አገር ተመድባ ልትሸኝ ነው። የሲስተሮቹ አለቃ ተነስተው ተናገሩ። ድምፃቸው ያምራል፣ ሰው ያዳምጣቸዋል።

"ድሮ እነሱ ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ መጡ" አሉ። "ዛሬ በእነሱ አገር ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው። የተሸጠ አለ፣ ምግብ ቤት የሆነ አለ። ገዳማቱ ውስጥ አሮጊቶች ብቻ ቀርተዋል፣ የምትገባ ልጅ የለችም። ክርስትና ፊቱን ወደ አፍሪካ አዙሯል። የተቀበልነውን የምንመልስበት ተራ የእኛ ሆኗል።"

ተጨበጨበ። የዊጆ ሴቶች እልል አሉ። አባ ወደ ባለቤቴ ዞረው በደስታ ሰጥቷት እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱ ንግግር አዘጋጅቶ ስለነበር አንድም ሳያስቀር አሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"እርስዎስ እናታችን፣ በደስታ ሰጥተዋታል?"

"ሰጥቻታለሁ አባ" አልኩ። "ለመስቀል ግን ቤቷ ትገባለች።"

ሁሉም ሳቁ። አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። የሲስተሮቹ አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ባለቤቴ "ይቺ ናት የጉራጌ እናት!" ብሎ ሳቁን አደመቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጄ ብቻ አልሳቀችም፤ እጇን እያየች ነበር።

ለሌላ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ የወጣ ሰው ለመስቀል ይገባል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። መርካቶ ሱቅ ያለው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ጅማ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ማግኘት ፈተና ነው። ያልመጣ ሰው ታሟል፣ ታስሯል፣ ወይም ሞቷል። ከዚህ ሌላ ምክንያት አናውቅም። "ተመደበች" ሲሉኝ ከሌላው ሰው ጥቂት ራቅ ብላ የምትሠራ መሰለኝ። ሲስቁ "ይህማ ይጠየቃል እንዴ?" ያሉኝ መሰለኝ። ያንን ሳቅ እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

እነሱ ግን እንደማትመጣ ያውቁ ነበር። አባ ያውቃሉ፣ አለቃዋ ያውቃሉ። ባለቤቴም ያውቅ እንደነበር በኋላ ደረስኩበት። አንድ ሰው እንኳ "እናት፣ ይህ እንደዚያ አይደለም" አላለኝም። በልጄ መሄድ ከምናደደው ይልቅ በዚያ ሳቅ እናደዳለሁ።

በዚያ ቀን የተበላው ክትፎ ቅቤው የዊጆ ነበር። ዊጆ የሴቶች የወተት ዕቁብ ማለት ነው። ላም ያለን ሴቶች ወተታችንን በተራ ለአንዷ እናጠራቅማለን፤ ባለ ተራዋ ንጣ ቅቤዋን ታወጣለች፣ ከዚያ ተራው ወደ ሌላዋ ያልፋል። ያን ጊዜ ተራዬ አልደረሰም ነበር። ሴቶቹ ግን "ልጅሽን እየሸኘሽ እንዴት ደረቅ ትሰሪያለሽ?" ብለው ተራቸውን ለቀቁልኝ። ስለ ዊጆ ኋላ እመለስበታለሁ።

ልጄ ሄደች። በመጀመሪያዎቹ ወራት በየእሑዱ ትደውል ነበር። አዶት ነው የምትለኝ፣ በጉራጊኛ እናት ማለት ነው። አንድ እሑድ ስልኩን አዙራ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየችኝ። ጣሪያው ወርቅ ነው፣ ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው። አግዳሚዎቹ ግን ባዶ ናቸው። ፊት ለፊት ጥቂት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል።

"ሰዉ ገና ነው?" አልኳት።

"ሰዉ ይኸው ነው አዶት። ቅዳሴው አለቀ እኮ።"

"ዛሬ እሑድ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ቄሱስ?"

"ከናይጄሪያ ነው የመጡት። ይበርዳቸዋል፣ ከካፖርታቸው ላይ ነው ልብሰ ተክህኖ የሚደርቡት።"

"ጣሊያኖቹ ታዲያ የት ሄዱ?"

"ፀሐይ ወጥታለች፣ ሐይቅ ዳር ናቸው" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። በእኛ ቁምስና ቦታ ያጣ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ሕፃን ያዘለች እናት ፀሐይ ላይ ትቆማለች። እዚያ ያ ሁሉ አግዳሚ ባዶውን ተቀምጧል፣ ልጄ ደግሞ አቧራውን ትጠርጋለች።

ለምን እሷ እንደተመረጠች የነገረችኝም በስልክ ነው። ያቺ ያዋለደችኝ አሮጊት ሲስተር እዚያው፣ ልጄ በተመደበችበት የሲስተሮች ቤት አለች። አእምሮዋ ተዳክሟል። ደህና ስትሆን ጣሊያንኛ ታወራለች፤ ስትፈራ ወይም ሲያማት ግን ጉራጊኛ ነው የሚመጣላት። እዚያ ያሉት ትርጉም የሌለው ጩኸት መስሏቸው ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ያስተኟት ነበር አሉ። የእምድብሯ አለቃ ለስብሰባ ጣሊያን ሄደው እዚያ ቤት አንድ ቀን ያድራሉ፣ ጩኸቷን ይሰማሉ፣ ይደነግጣሉ። "ውሃ ስጡኝ እኮ ነው የምትለው!" አሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ከቸሃ የሆነች ልጅ የተፈለገችው።

"ሳጥባት እጄን ጨምቃ ትይዘኛለች" አለችኝ ልጄ። "'ግፊ፣ አትፍሪ፣ ጭንቅላቱ ታየ' ትለኛለች። አንቺን መስያት እኮ ነው አዶት።"

አለቀስኩ፤ በማልቀሴም ተናደድኩ። ወንጌል ወደ ጨለመበት አገር ትሄዳለች ተብሎ እልል የተባለላት ልጅ የተፈለገችው ለዚህ ነው። ይህንኑ ፊት ለፊት ቢነግሩኝ፣ "ያቺ ያዋለደችሽ ሴት የሚሰማት አጥታ ትጮሃለች፣ ልጅሽን ለዚያ ስጪን" ቢሉኝ ምን እል ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም። እንዳላውቀው ያደረጉኝ እነሱ ናቸው፤ ጥያቄውን አልጠየቁኝማ።

መስቀል ደረሰ። ልጄ አልገባችም። የክትፎ ድርሻዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ አይቶ "አንቺ፣ ይበላሻል" አለኝ።

"ይበላሽ።"

"እግዚአብሔር የመረጣትን..."

"አንተ መቼ ነው እንደማትገባ ያወቅኸው?"

ጫማውን አድርጎ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

እህቴ በማግስቱ ከቡታጅራ መጣች። እኔን ልታጽናና ነው የመጣችው፣ ግን ማጽናናት አትችልበትም።

"እህቴ፣ አንቺ እኮ መደሰት ነበረብሽ" አለችኝ። "በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ካርታ አለ። አውሮፓ ድሮ ብርሃን ነበረች፤ አሁን ቀይ ተቀብታለች። ለእሷ ነው የምንጸልየው። ከእኛም የሚሄዱ ወጣቶች እየሰለጠኑ ነው። እናንተ ካቶሊኮች ቀደማችሁን፣ ባርኪ እንጂ!"

"ወንድ ልጅሽ ዘማሪ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ምን አገናኘው?"

"እሱን ላኪው።"

"እሱ እኮ ሱቁን..."

"እሺ እቴ። ያንቺው ሱቁን፣ የእኔዋ ካርታውን ይያዙ።"

ፊቷ ተቀየረ። ጎረቤቴ በዚያች ሰዓት እርጎ ይዛ ገብታ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ተቀመጠችና ቀስ ብላ ተናገረች።

"የእኔዋ ጅዳ አሮጊት ታጥባለች። ያንቺዋም እዚያ አሮጊት ታጥባለች። የእኔዋ ግን ኮንትራቷ ሲያልቅ ኢንሻአላህ ትመጣለች። ያንቺዋ ኮንትራት የሚያልቀው መቼ ነው?"

እህቴ "ያንቺዋ ለአሠሪ ነው፣ የእሷ ለጌታ ነው" ልትላት ጀመረች።

"ጌታማ እናት ልጇን እንዳታይ አላለም" አለች ጎረቤቴ። እርጎውን አስቀምጣልኝ ወጣች።

ሁለተኛው መስቀል ሲቃረብ ራሴ ወደ እምድብር ሄድኩ። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እዚያ ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም፤ ያን ቀን ባዶ እጄን ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ሲስተር እጄን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች፣ በፍጥነት አለቃዋን ጠራቻቸው። ሻይ አቀረቡልኝ፣ አልነካሁትም።

"ሲስተር፣ ልጄ መቼ ነው የምትገባው?"

"እናታችን፣ እሷ እኮ የእግዚአብሔር ናት።"

"የማን ናት አላልኩም። መቼ ትገባለች ነው ያልኩት።"

ቪዛ አሉ፣ የምደባ ዘመን አሉ፣ የሰው እጥረት አሉ። ከዚያ ያንኑ የሽኝቱን ቀን ንግግር እንደገና ጀመሩ፤ ክርስትና እዚያ እንደ ደከመ፣ ወደ እኛ እንደ ዞረ።

"ክርስትና ወደ እኛ ከዞረ ልጄ ለምን ወደዚያ ዞረች?" አልኳቸው። "እዚህ እኮ ለክሊኒካችሁ ነርስ አጥታችኋል። በር ላይ የተሰለፈውን ሰው አይቼ ነው የገባሁት።"

ከዚያ "የተደረገልንን መመለስ አለብን" አሉ።

"እናትዎ ዊጆ አልነበራቸውም?"

"ነበራት" አሉ። ፈገግ አሉ፤ ወዴት እንደምሄድ አልገባቸውም።

"ላሟን ሸጣ ሌላ ያልገዛች ሴት ወተት ይወሰድላታል?"

ፈገግታቸው ጠፋ። ብልህ ሴት ናቸው፣ አሰቡበት።

"ላሟ የሞተችባትስ?" አሉኝ። "የታመመችስ?"

"ይወሰድላታል" አልኩ። እውነት ስለሆነ መካድ አልቻልኩም። "ጥጃ እስክታገኝ ድረስ ሁላችንም እንወስድላታለን። ግን ጥጃ የምትፈልግ መሆን አለባት። እነዚያ ጥጃ ይፈልጋሉ? ሐይቅ ዳር ናቸው እኮ! አሮጊቶቹንስ የወለደው አገር የራሱን አሮጊቶች የማያጥበው ለምንድን ነው? የእነሱ ወንድሞች፣ የእነሱ የእህት ልጆች የት አሉ?"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሲስተሮቹ ኮሪደር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ አላፈርኩም። አለቃዋ ንዴቴ እስኪወጣልኝ ጠብቀው፣ ጎንበስ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። ልጄ ያለችበት ያ ቤት ሊዘጋ ነው። ሆቴል ሊያደርገው የፈለገ ሰው ገዝቶታል። አሮጊቶቹ በየአረጋውያን መጦሪያው ይከፋፈላሉ። ልጄ ወደ ሌላ ቤት ትዛወራለች።

"ወዴት?"

"ገና አልተወሰነም።"

"አሮጊቷስ ሲስተር ወዴት?"

"እሱም አልተወሰነም። አብረው ግን አይሆኑም።"

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ማታ ለልጄ ደወልኩ። ነገሩን ታውቀዋለች።

"ከእሷ አልለይም አዶት። ወደሚወስዷት እከተላለሁ።"

በአለቃዋ ላይ ስጮህ የዋልኩት ሴት እኔ ነኝ፤ ይህን ስሰማ ግን ፈራሁ። ሰው አገር ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ከጎረቤቴ ልጅ ሰምቻለሁ።

"ልጄ፣ የመኖሪያ ወረቀትሽ በሲስተሮቹ ስም አይደለም እንዴ? እሺ በያቸው፣ ታዘዢ፣ ሳይፈቅዱልሽ..."

"እዚያ 'ውሃ' ስትል ማን ይሰማታል?"

"ሌላ ሰው ይፈልጉ!"

"አዶት" አለችኝ፣ እየሳቀች። "እኔን ከሆድሽ ስታወጣኝ ሌላ ሰው ይፈልጉ ብላ ነበር?"

ምን እንደምመልስ ሳስብ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሳም። በማግስቱም አይነሳም። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። አለቃዋ በመጨረሻ ደውለው "ሳታስፈቅድ ከቤት ወጥታለች፣ እኛም እየፈለግናት ነው" አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ሽኝቱ ቀን አልነበረም፤ ፈርተዋል። መፍራታቸው ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አሮጊቷ የተወሰደችበትን መጦሪያ ስም ጠየቅኋቸው። እዚያ ያሉት ቤቱን ዘግተው ስለተበተኑ የሚመልስላቸው አጥተዋል።

ባለቤቴ አሁን ሌሊት አይተኛም። የዚያን ቀን ኮቱን ከዚያ ወዲህ ለብሶት አያውቅም። እህቴ ከቡታጅራ በየቀኑ ትደውላለች፤ ስለ ካርታው አታነሳም። የዊጆ ሴቶች ለዘንድሮው መስቀል ተራቸውን እንደገና ሊለቁልኝ መጥተው ነበር። "ስትገባ ደረቅ እንዳይሆን" አሉኝ። እምቢ አላልኩም፤ ቅቤው ተነጥሮ ተቀምጧል። አባ ደግሞ እሑድ ቅዳሴ ላይ ስለ እሷ ይጸልያሉ። እሰማለሁ፣ አሜን እላለሁ፣ ግን ዓይናቸውን አላይም። እንደገና እንዳይስቁ ሳይሆን፣ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ስላለ ነው።

ይህን የጻፍኩት ጣሊያን አገር ላላችሁ ልጆቻችን ነው። በየቤቱና በየመጦሪያው የሰው አገር አዛውንት የምታጥቡ፣ የምታበሉ ብዙ ናችሁ። እናቶቻችሁ እዚህ ይነግሩኛል። በምትሠሩበት ቤት፣ ወይም ጓደኛችሁ በምትሠራበት ቤት፣ ሲያማት በጉራጊኛ የምትጮህ ፈረንጅ አሮጊት ካለች፣ የምትለው "ውሃ ስጡኝ" ነው፤ ስጧት። አጠገቧ ረጅም፣ ጠይም፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ካለች የእኔ ናት። ወልቂጤ ቆጮ ተራ የሲስተሯ እናት ብትሉ ሁሉም ያውቀኛል። በሕይወት መኖሯንና የት እንዳለች ንገሩኝ።